በሣሬ የመጣችብኝ ልጅ

ቅናት ደረጃ አለው። ሰው በጎረቤቱ ቤት ቢቀና፣ የራሱ ጣሪያ የሚያፈስ ነውና ምክንያቱ ከሩቅ ይታያል። በጓደኛው ሹመት የሚቀናም ወንበሩን እያየ ነው የሚቃጠለው። በመልክ የሚቀናው ደግሞ ቤቱ መስታወት አለው፤ ሄዶ ያይና እውነቱን ይቀበላል። እኔ ኃጢአተኛው ግን የቀናሁት በአረም ነው። አዎ፣ በአረም። ያውም በራሴ አረም፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ እየነቀልኩ በጣልኩት። እንዲህ ያለውን ቅናት ለሰው ማውራት ያሳፍራል። ቢሆንም እናንተ ሩቅ ናችሁ፣ በመንገድ ስታገኙኝም አታውቁኝም፣ ስለዚህ ከሥሩ ላምጣላችሁ።

እኔ አትክልተኛ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አንድ ሜዳ አለ፤ በአንድ በኩል ሰፈሩ፣ በሌላ በኩል ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሆነ ፈፋ ያዋስነዋል። የዚያ ሜዳ አትክልተኛ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ዶማ ነው። ጠዋት የዘወትር ጸሎቴን አድርሼ እወጣለሁ፣ ጎማዬን እዘረጋለሁ፣ ሣር አጠጣለሁ። የድሬን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ እንዲህ አስቡት፤ ጠዋት ያጠጣችሁት መሬት ለምሳ ሰዓት ውሃ በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ይመስላል። በዚህ ፀሐይ ሥር ሣር አለምልሞ ማቆየት ከበሽተኛ ጋር እንደማደር ነው፤ ዓይን አይነሳም።

ሣሬ ግን ስም ነበረው። ከሳቢያን የተዳረች ሙሽራ ሁሉ በእኔ ሣር ላይ ፎቶ ተነስታለች፤ ክርስቲያኗም፣ ሙስሊሟም። ስንት ሳሎን ውስጥ ሣሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል! እኔ ራሴ በአንዱም ፎቶ የለሁበትም፤ ፎቶ አንሺው ሁልጊዜ "ወሪያ ታዬ፣ ጎማህን ይዘህ ዞር በልልኝ" ይለኛል። ዞር እላለሁ። ከቦገንቪላው ኋላ ሆኜ ግን አያለሁ፤ ሙሽራዋን ሳይሆን፣ የቬሎዋ ጫፍ ያረፈበትን። ኩራት ነው? ኩራት ነው።

ከሜዳው በታች፣ ጥጉ ላይ፣ የአዴ ፋጡማ ቤት አለ። አዴ ፋጡማ ደጇ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብስ፣ ባሏ ዑመር የሞተባት፣ ምላሷ ከዘይቷ የማይቀዘቅዝ ሴት ናት። ቤቷ ሜዳውን ከሚያጥረው አሮጌ የግንብ አጥር ጋር ተጣብቋል። እኔ በጠዋት ጎማዬን ስዘረጋ እሷ ጀሪካኗን ይዛ የውሃ ወረፋ ትሄዳለች። አንዳንዴ ቆም ብላ፣ "አቦ ታዬ፣ ምናለ እኔም ሣር ሆኜ በተፈጠርኩ!" ትለኛለች። እስቃለሁ። ያኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ ጠዋት የመሥሪያ ቤት መኪና መጣ። አንድ ኃላፊ ወረደ፣ ከኋላው አንዲት ቀጭን ልጅ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ወረደች። ኃላፊው፣ "ሜዳው ሊለማ ነው፤ ላንድስኬፕ አርክቴክት ይዘን መጥተናል" አለኝ። እኔ አርክቴክት ሲባል የማውቀው ቤት የሚነድፍ ሰው ነው፤ ሜዳዬ ላይ ፎቅ ሊቆም ነው ብዬ ጎማዬን ጣልኩ። በኋላ እንደገባኝ የልጅቷ ሥራ ቤት ያልተሠራበትን ቦታ ማሰብ ነው። ውሃው በየት ይሂድ፣ ጥላው በስንት ሰዓት የት ይውደቅ፣ ወፉ የት ይረፍ፣ አሮጊቷ የት አረፍ ትበል። ይህንን እኔም ሳስብ ነው የኖርኩት። ልዩነታችን፣ እኔ ሳስብ ሰው "ታዬ ፈዝዟል" ይላል፤ እሷ ስታስብ "ጥናት ላይ ናት" ይላሉ።

ስሟ ሊዲያ ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣች። "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?" አለችኝ። አደሩ! ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም፣ ሹሙም፣ አማቹም "አንተ" ነው የሚባለው፤ እኔን "እርስዎ" ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አላስታውስም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሰው የሚወስድብህ ነገር ካለ ነው አስቀድሞ የሚያከብርህ ብዬ አሰብኩ። ቅናት እንዲህ ነው፤ ሰላምታም ይመረምራል።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ሥራ ካላችሁት! መጀመሪያ ቀን ዝም ብላ ዞረች። ሁለተኛ ቀን ጉድጓድ አስቆፍራ ውሃ ሞላችበትና አጠገቡ ቁጭ ብላ ውሃው እስኪሰርግ በሰዓት ያዘች። እኔ ያንን ያህል ሰዓት ቁጭ ብዬ ጉድጓድ ባይ ከሥራ ያባርሩኝ ነበር። ሦስተኛ ቀን ከሰዓት፣ የሰፈሩ ወንዶች ጫታቸውን ይዘው ግራሩ ሥር በርጫ ሲቀመጡ፣ እሷም ወረቀቷን ይዛ መሐላቸው ተቀመጠች። አትቅምም፤ ትጠይቃለች። እነሱም ሰዓቱ የወሬ ሰዓት ነውና አፋቸው ተከፈተ፤ ድሮ የት ኳስ እንደተጫወቱ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ነፋስ እንዳለ፣ አንድ ባንድ ነገሯት። ስለ መሬቱ ሲሆን ግን ሁሉም በአንድ አፍ፣ "እሱን ታዬን ጠይቂ" አሏት። ይህንን ያዙልኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኔ ነው የላካት።

አራተኛ ቀን ያ የማልረሳው ነገር መጣ። ሣሬ ዳር የበቀለውን አረም ልነቅል ጎንበስ ስል፣ "ጋሼ፣ ቆይ! እሱን እንዳይነቅሉት" ብላ ሮጣ መጣች። ተንበረከከች። እኔ ለጸሎት እንኳ እንዲያ ፈጥኜ አልንበረከክም። ቅጠሉን አገላበጠች፣ ፎቶ አነሳችው፣ ደብተሯ ላይ ሣለችው፣ ከሥሩ ስም ጻፈች። "ይሄ የዚሁ አገር ነው" አለችኝ፤ "ከፀሐዩ ጋር ተስማምቶ የኖረ ነው። ሥሩ መሬቱን ይይዛል፣ ንብም ይወደዋል። ውሃ አይጠይቅም።" ቁርቁራዎቹንም ቆጠረቻቸው፤ እኔ እሾኻቸው የሙሽራ ልብስ ይቀድዳል ብዬ ልቆርጣቸው ያሰብኳቸውን።

ሣሩ ይነሳ አለች። ውሃው ለሰው በማይበቃበት ከተማ ሣር ማጠጣት ትክክል አይደለም፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ የሚዘንበውን ውሃ ይያዝ፣ የአገሩ ዕፅዋት ይሙሉት፣ ዳር ዳሩን ጥላና መቀመጫ ይሁን አለች። ስብሰባ ተጠራ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ታየ፣ ሁሉም አጨበጨበ። አዴ ፋጡማ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። በማግስቱ ባጃጅ ነጂው፣ ሻይ ሻጯ፣ ጫት ሻጩ፣ ሁሉም "ኢንጂነሯ እንዲህ አለች፣ ኢንጂነሯ እንዲያ አለች" ሆነ። አሥራ ስምንት ዓመት "ታዬ ምን አለ?" ያለ ሰው የለም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ሣሬ ተፈርዶበት፣ አረሜ ተሾመ። በዚያ ሰሞን አረሙን በእግሬ ረግጬ ሁሉ አልፌዋለሁ፣ ማንም ሳያየኝ።

አሁን ወደ ክፉው ሥራዬ ልምጣ።

በዚያ አሮጌ የግንብ አጥር ላይ፣ ከአዴ ፋጡማ በር አጠገብ፣ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ። ለማያውቀው ግንቡ አርጅቶ የፈረሰ ነው የሚመስለው። አልፈረሰም፤ እኔና ዑመር ነን በዶማ ያፈረስነው። ድሬ ሜዳ ላይ ናት፣ ተራራው በላይዋ ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ ሳይታሰብ ይደርሳል። ድሬ ያደገ ሰው የሚፈራው የሚዘንብበትን ዝናብ አይደለም፤ ሩቅ የጠቆረውን ተራራ ነው። የእኛም ፈፋ እንደዚያው ነው። ስንት ዓመት ደርቆ ይተኛና አንድ ቀን ይሞላል፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይወጣና ሜዳውን አቋርጦ ይመጣል። ድሮ ግንቡ ያግደው ነበር። ታግዶ የሚገባው አዴ ፋጡማ ቤት ነው። አንድ ጊዜ አልጋዋን ውሃው አንሳፍፎ፣ ልጆቿን ጠረጴዛ ላይ አቁመን፣ እኔና ዑመር ግንቡን ስንሰብር ነው ውሃው መውጫ ያገኘው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳውን ማንም አልነካውም።

ሊዲያ ክፍተቱ ፊት ቆማ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ዝናብ ሲዘንብ በዚህ በኩል ውሃ ያልፋል?"

"እኔ አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ" አልኳት፤ "እዚህ ዝናብ ሲዘንብ በዚህ ቀዳዳ ውሃ ሲያልፍ በዓይኔ አላየሁም።"

ልብ በሉልኝ፤ አልዋሸሁም። እዚህ ሲዘንብ አሸዋው ይጠጣዋል። ውሃው ያለፈ ጊዜ ሁሉ እዚህ ጠብታ አልወረደም። የጠየቀችኝን በልኩ መለስኩላት፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ በአንድ ደቂቃ ጠበቃ የሆነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? "አመሰግናለሁ ጋሼ" ብላ ጻፈችው። እኔም በሆዴ፣ ሁሉን ካወቅሽ ይሄንንም እወቂው አልኩ።

እሷም ባመነችው ላይ ሣለች። ክፍተቱ ይዘጋ፣ በላዩ አሮጊቶች የሚቀመጡበት ሰፊ የድንጋይ ግንብ ይሠራ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያህል ደስ እያለኝ ከረምኩ። ደስታዬን ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ጠዋት ጸሎት ስቆም፣ አባታችን ሆይን ስጀምር ደህና እሄድና "ከክፉ አድነን" ላይ ስደርስ አንደበቴ ይያዛል። ከየትኛው ክፉ? ክፉው እኮ ቆሞ እየጸለየ ነው። ዘልዬው አለፍኩ። በነጋታውም ዘለልኩት። ጸሎቴ እንደ ተሸረፈ ብርጭቆ ሆነ፤ ያገለግላል፣ ግን በዚያ በኩል አፍ አያስነካም።

ድንጋይ ወረደ፣ ሲሚንቶ ገባ፣ ግንበኛው ተራውን ይዞ ወደ ጥጉ እየቀረበ መጣ። ነገ ክፍተቱ ሊዘጋ፣ ዛሬ ከሰዓት አዴ ፋጡማ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ድንጋዩን አየችው።

"ወሪያ ታዬ፣ ሊዘጉት ነው እንዴ?"

"ሊዘጉት ነው።"

ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅኳት። እሷ ግን ትከሻዋን ሰበቅ አደረገች። "እንግዲያ ለውሃው ሌላ መንገድ አበጅታችሁለታል ማለት ነዋ። እኔ ምን አሳሰበኝ? ወላሂ፣ ታዬ ያለበት ሥራ ላይ ውሃ ቤቴ አይገባም። ዑመር ሲሞት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ስለ ውሃው አታስቢ፣ ታዬ አለ ነው ያለኝ። ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል!"

ሳምቡሳው በእጄ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ግንበኛው ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ሊዲያ ውሃ ልክ ይዛ ድንጋዩን ስታስተካክል ደረስኩ።

"ኢንጂነር፣ ግንቡን አስቁሚ።"

"ምነው ጋሼ?"

"ውሃ ያልፍበታል።"

"አያልፍም ብለውኝ ነበር እኮ!"

"እዚህ ሲዘንብ አያልፍም ነው ያልኩሽ። እዚያ ሲዘንብ ያልፋል።" ወደ ተራራው ጠቆምኳት።

ተራራውን አየች። ክፍተቱን አየች። የአዴ ፋጡማን በር አየች። "ያ ሁሉ ውሃ..." አለችና አልጨረሰችውም። በቀስታ፣ "ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?" አለችኝ።

መልስ ነበረኝ። ረሳሁት ልል እችላለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ያምርብኛል። በደንብ አልጠየቅሽኝም ልልም እችላለሁ፤ እሱም እውነት አለበት። ጠበቃው ውስጤ ቆሞ ሁለቱንም አቀበለኝ።

"ቀንቼ ነው" አልኳት።

"በምን?"

"በአረሙ።"

ግንበኛው አካፋውን ጣለ። "አቦ! በሴት የቀና አይቻለሁ፣ በመኪና የቀና አይቻለሁ፣ በአረም የቀና ዛሬ ገና!" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ሊዲያ አልሳቀችም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። ውሃ ልኩን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ፈፋው ዞረች።

"ጋሼ፣ ይሂዱልኝ።"

አባረረችኝ ብዬ ባርኔጣዬን አነሳሁ።

"አይ፣ እንደሱ አይደለም። ከፈፋው መታጠፊያ ይጀምሩና፣ ውሃው እንደሚሄደው አድርገው ይሂዱልኝ።"

ከመታጠፊያው ጀመርኩ። ያሳፍራል መጀመሪያ ላይ፤ ሽማግሌ ሰው ሜዳ ላይ ውሃ ሆኖ ሲሄድ። ግን እግሬ ያውቀዋል። እዚህ ጋ ሰፋ ይላል፣ ሰፋ አልኩ። እዚህ ጋ ቁርቁራውን ሲያገኝ ለሁለት ይከፈላል፣ በሁለቱም በኩል ዞርኩ። እዚህ ይደክመዋል፣ ቀስ አልኩ። እዚህ ደግሞ ይቆጣል። እሷ የኖራ ቆርቆሮ ይዛ ከኋላዬ እየተከተለች የረገጥኩበትን ሁሉ ነጭ መስመር ታደርግበታለች። ክፍተቱ ደርሼ ዞር ስል፣ ሜዳው ላይ ያ ውሃ ተኝቶ አየሁት፤ በነጭ ኖራ፣ ልክ እንደዚያን ቀን። የሠራችውን ሥዕል ከቦርሳዋ አውጥታ አጠፈችውና መልሳ ከተተችው። "እንደገና እንሥላለን" አለች። "እንሥላለን" ያለችውን ሰምቻለሁ፤ ግን በዚያ ሰዓት ለመደሰት ፊት አልነበረኝም።

ክፍተቱ አልተዘጋም፤ ሰፋ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ መግቢያው ጎንና ጎን ድንጋይ ተደረደረ። የአሮጊቶቹ መቀመጫ ወደ ከፍታው ወጣ። መሐሉ በመስመሬ በኩል ጎድጎድ ብሎ አረም ለበሰ። አረም ማለቴን አልተውኩም፤ አፍ በአንድ ቀን አይመለስም።

ውሃው ያው እንደ ልማዱ ነው የመጣው። ፀሐይ ጥርት ብላ፣ ሰዎች በርጫ ላይ ተቀምጠው። በፈፋው በኩል እንደ ባቡር ያለ ድምፅ ተሰማ፣ አዴ ፋጡማ "ታዬ! መጣ!" ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ተነሳ። መታጠፊያው ላይ ወጣ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ፣ ተኛ፣ ቁርቁራዎቹን ዞራቸው፣ ቀስ አለ፣ ከዚያ በድንጋዩ በር ወጥቶ ሄደ። ቅጠሉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎንበስ ብሎ መሬቱን እንደያዘ ቀረ። አዴ ፋጡማ ወንበር አውጥታ ደጇ ላይ ተቀምጣ እንደ ሠርግ ነው ያየችው። የጫማዋ ሶል አልራሰም። "ወላሂ፣ ሰላም ብሎኝ ነው ያለፈው!" ብላ ለመጣ ለሄደው ስታወራ ከረመች። እኔ አጥሩን ተደግፌ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል፣ ሳልዘል አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው አደረስኩ።

ሜዳው ሲመረቅ ድንኳን ተተከለ፣ ኃላፊዎች መጡ፣ ማይክ ተያዘ። ሊዲያን አስነሷትና ስለ ሥራው ተናገሪ አሏት። ስለ ጥላው ተናገረች፣ ስለ ንቡ ተናገረች። መጨረሻ ላይ፣ "የውሃውን መንገድ የነደፉት ግን ጋሽ ታዬ ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ተሳስቼ ነበር" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያንን የደበቅኳትን አላነሳችም። ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ፤ አዴ ፋጡማ እልልታዋን አቀለጠችው።

አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ጭብጨባ ነው። መጣ። ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ቅናት። በቦታዋ ብሆን እንዲህ እንደማልል አውቀዋለሁ። ማይኩን ይዤ፣ "ይህ ሽማግሌ ሊያጠፋን ነበር" ባልል እንኳ፣ ስሙን እረሳው ነበር፤ ሳላውቅ እንደረሳሁ አድርጌ።

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰዉ ገና ያጨበጭባል። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ?" አለችኝ።

"ንገሪኝ።"

"እኔም ቀንቼብዎት ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"በምኔ?"

"ስንት ዓመት ተምሬ፣ በመሣሪያ ለክቼ የማላገኘውን መሬት፣ እርስዎ ጎማ ይዘው ሲያልፉ ያውቁታል። ያቃጥለኝ ነበር። ለዚያ ነው በጥያቄ እንደዚያ ያሰለቸሁዎት።"

ለካ አንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሰሞን፣ ሁለት ቀናተኞች ነበርን። እሷ ስትቀና መጥታ ጠየቀችኝ። እኔ ስቀና አፌን ዘጋሁ።

ኃላፊው "ተነስ፣ እጅ ንሳ" እያለ ይጠቅሰኛል። ተነሳሁ፣ ለሕዝቡ እጅ ነሳሁ፣ ፈገግም አልኩ። የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይቺ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይባርካት፣ በቅናትም በለጠችኝ።